ውጅግራና ለቤል፤ አሮጌ መሣሪያ ስለ መግዛት

አዲስ መሣሪያ ከአሮጌው ይበልጣል መባሉ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ወደ አገራችን የገባውን ጠመንጃ ለሚመረምር ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይገኝም።

የፈረንሳይ ጦር በ1874 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) የተቀበለው ፉዚ ግራ በእኛ ቋንቋ «ውጅግራ» ተባለ። ጥይቱ 11 ሚሊሜትር ሲሆን፥ የሚጎርሰውም አንድ በአንድ ነው። በ1886 ጢስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰውና 8 ጥይት የሚይዘው ለቤል በወጣ ጊዜ ውጅግራ በአገሩ አሮጌ ሆነ፤ ነጋዴዎችም በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ አመጡት።

የውጅግራ ጉድለት አይካድም፤ ነጭ ጢሱ የተኳሹን ስፍራ ለጠላት ያሳያል። ሆኖም ጥቁር ባሩድ በአገር ውስጥም ይወቀጥ ነበር፤ የለቤል ባሩድ ግን ከፋብሪካ በቀር አይገኝም። ስለዚህ ባለ አዲሱ ጠመንጃ ጥይቱ ያለቀበት እንደ ሆነ በእጁ የሚቀረው ዱላ ነው።

በ1896 በዓድዋ ብዙ ውጅግራ ተሰልፎ ነበር። ጣልያኖችም በ1891 አዲስ ጠመንጃ አውጥተው ሳለ፥ በዚያ ከዋሉት ወታደሮቻቸው አብዛኞቹ የያዙት የቀደመውን ቬተርሊ ነበር።

እንግዲህ የመሣሪያ ዋጋ ከጥይቱ ጋራ እንጂ ብቻውን አይመዘንም። የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር የነበረ መሆኑም ለዚህ ምስክር ነው።