ያልተሟላ ሥልጣን፦ የፊሊፒንስ ምክር ቤትና እንደራሴዎቹ፣ 1907–1916

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1907 ማካሪዮ ሳካይ የተባለው ታጋይ ማኒላ ውስጥ በስቅላት ተቀጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ኦገስት 23 ቀን፣ አሜሪካውያን የሚበዙበት የፊሊፒንስ ኮሚሽን በስፔን ላይ የተካሄደውን አብዮት ሰንደቅ ዓላማ ማውለብለብን በሕግ ከልክሏል። ኦክቶበር 16 ቀን ደግሞ በዚያው ከተማ፣ በግራንድ ኦፔራ ሃውስ አዳራሽ፣ የአሜሪካው የጦር ሚኒስትር ዊሊያም ሃዋርድ ታፍት በተገኘበት፣ 80 መቀመጫ ያለው የፊሊፒንስ ምክር ቤት ተከፈተ። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ክስተት ለብቻው ነጥለው ያወሳሉ። ሦስቱን አንድ ላይ ካላነበብን ግን ምክር ቤቱ ምን ዓይነት ተቋም እንደነበረ አንረዳም።

ሳካይ ከተራራ የወረደው ተማርኮ አልነበረም። ከአሜሪካ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1902 አብቅቷል ከተባለም በኋላ በማኒላ ዙሪያ ባሉ አውራጃዎች የታጋሎግ ሪፐብሊክ መሪ ነኝ እያለ መዋጋቱን ቀጥሏል። ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ግን ስሙ ሽፍታ ነበር። በ1906 ሐኪምና የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበረው ዶሚናዶር ጎሜዝ ወደ ሰፈሩ ሄዶ አግባባው። አገሩ ካልረጋ አሜሪካ ቃል የገባችው ምክር ቤት አይቋቋምም፤ መንገዱን የዘጋኸው አንተ ነህ አለው። ነገሩ ሕጋዊ መሠረት ነበረው። አሜሪካ በ1902 ለደሴቶቹ ያወጣችው መሠረታዊ ሕግ ምክር ቤቱ የሚመረጠው የሕዝብ ቆጠራው ታትሞ ከወጣ በኋላ ሁለት ዓመት ሰላም ሲጸና ነው ይላል። ሳካይ በጁላይ 1906 እጁን ሰጠ፤ ወዲያውም ካቪቴ ላይ በተደገሰ ግብዣ መሐል ተያዘ። ጎሜዝ በተከታዩ ዓመት ከማኒላ ተመረጠ፤ የመቀመጫው ሕጋዊነት ግን ምክር ቤቱን ሲያከራክር ቆየ።

እኔ የምከራከረው እንዲህ ነው። የመጨረሻውን ቃል የመናገር ሥልጣን የተነፈገውን ይህን ምክር ቤት እንደራሴዎቹ በሁለት መንገድ ክብደት ሰጡት፦ እምቢ በማለትና የሕዝባቸውን ጥያቄ በመዝገብ በማስፈር። በር የከፈተላቸው ምርጫ ግን ለነጻነት የተዋጋውን ገበሬ ከደጅ አስቀርቷል።

የምርጫ ሕጉን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መራጩ ወንድ፣ ዕድሜው 23 የሞላና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን ነበረበት። ከዚያም ከሦስቱ መመዘኛዎች አንዱን ማሟላት ነበረበት፦ በስፔን ዘመን በከተማ ሹመት ያገለገለ፣ ወይም 500 ፔሶ የሚያወጣ ንብረት ያለው አልያም በዓመት 30 ፔሶ ግብር የሚከፍል፣ ወይም እንግሊዝኛ አልያም ስፓኒሽ የሚናገር፣ የሚያነብና የሚጽፍ። በታጋሎግ፣ በሴቡዋኖ ወይም በኢሎካኖ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በሕጉ ዓይን እንዳልተማረ ተቆጠረ። በ1903ቱ ቆጠራ የደሴቶቹ ሕዝብ 7.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ጁላይ 30 ቀን 1907 ለተደረገው ምርጫ የተመዘገበው 104,966፣ ድምፅ የሰጠው 98,251 ሰው ብቻ ነው፤ ከሕዝቡ 1.3 ከመቶ ገደማ። የሚንዳናዎ ሙስሊሞችና የሰሜኑ ተራራ ሕዝቦች የሚተዳደሩት በኮሚሽኑ ብቻ ስለነበር ምክር ቤቱ ስለ እነሱ ሕግ ማውጣትም አይችልም ነበር።

አሜሪካውያኑ ምክር ቤቱን ራስን የማስተዳደር ትምህርት ቤት አድርገው ያቀርቡት ነበር። ይህን አባባል እንዳለ የሚቀበሉ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ፊሊፒናውያን በሴፕቴምበር 1898 ማሎሎስ ላይ፣ በባራሶዋይን ቤተ ክርስቲያን፣ ኮንግረስ ከፍተው ነበር፤ በጃንዋሪ 1899ም በራሳቸው ሕገ መንግሥት ሪፐብሊክ መሥርተዋል። ያንን ሪፐብሊክ በጦር ያፈረሰችው ራሷ አሜሪካ ናት። የማሎሎሱ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ፔድሮ ፓተርኖ በ1907 ላጉናን ወክሎ እንደገና ምክር ቤት ገባ። እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ፓርላማ አሠራር ሀ ሁ ላስቆጥርህ ማለት ትልቅ ድፍረት ነበር።

የባታንጋሱ እንደራሴ ፌሊፔ አጎንሲዮ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ልብ ይነካል። በ1898 የአብዮቱ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ዋሽንግተን ሄደ፣ ፕሬዚዳንት ማኪንሊን አነጋገረ፤ ወደ ፓሪስ ተሻግሮም ስፔንና አሜሪካ የሚደራደሩበት ጉባኤ ሳያስገባው ቀረ። ድርድሩ አገሩን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አሳልፎ ሰጠ። በዚያው ዓመት የአብዮቱን ሰንደቅ ዓላማ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በእጇ የሰፋችው ባለቤቱ ማርሴላ ናት። እንግዲህ አጎንሲዮ በ1907 ወንበሩን ሲይዝ የሚስቱ የእጅ ሥራ በአደባባይ ቢታይ የሚያስቀጣ ነበር። የሰንደቅ ዓላማው ክልከላ የተነሣው በ1919 ነው።

ምክር ቤቱን የመሩት ግን ከእነዚህ ታላላቆች በኋላ የመጡት ወጣቶች ናቸው። አፈ ጉባኤ ሆኖ የተመረጠው ሴርሂዮ ኦስሜንያ የ29 ዓመት ጎልማሳ ነበር። በ1900 ሴቡ ላይ ጋዜጣ መሥርቷል፤ በዚያ ጋዜጣ አብረውት የሠሩት ራፋኤል ፓልማና ሃይሜ ዴ ቬይራም በመጀመሪያው ምክር ቤት ገብተዋል። የብዙኃኑ መሪ ማኑኤል ኬሶን ከኦስሜንያ ጋር በአንድ ዘመን ሕግ የተማረ፣ በጦርነቱ በአብዮቱ መሪ በአጊናልዶ ሠራዊት በሻለቃነት የተዋጋ ሰው ነው። ሁለቱም በ1906 የአውራጃ ገዥ ሆነው ተመርጠው ነበር። አሜሪካኖቹ በመጀመሪያ የተማመኑበት፣ ለነጻነት የማይቸኩለው የፕሮግሬሲስታ ፓርቲ ከ80ው ያገኘው 16 መቀመጫ ብቻ ሲሆን የኦስሜንያና የኬሶን ፓርቲ ናሲዮናሊስታዎች ከደጋፊዎቻቸው ጋር ቤቱን ያዙት።

ያዙት እንጂ አላዘዙበትም። ማንኛውም ረቂቅ ሕግ የሚሆነው በአሜሪካ ፕሬዚዳንት የተሾመው ኮሚሽን ሲያጸድቀው ነው። በሌሎች አገሮች የሕዝብ ምክር ቤቶች አስፈጻሚውን የሚገዙት በበጀት ነው። ዋሽንግተን ይህን አስቀድማ ስላወቀች በመሠረታዊ ሕጉ አንድ አንቀጽ አስገባች፦ ሁለቱ ቤቶች፣ ማለትም ኮሚሽኑና ምክር ቤቱ፣ በበጀት ካልተስማሙ ያለፈው ዓመት በጀት እንደጸደቀ ይቆጠራል። በገዥው ጄኔራል ካሜሮን ፎርብስ ዘመን ሁለቱ ቤቶች በበጀት ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል በተግባር ታየ። እንደራሴዎቹ በጀቱን አናጸድቅም አሉ፤ ገንዘቡ ግን በገዥው ጄኔራል ትእዛዝ መውጣቱን ቀጠለ። እምቢታቸው መንግሥቱን አላቆመም። ቢሆንም ፎርብስ በሕዝብ ተወካዮች ፈቃድ እገዛለሁ ሊል እንዳይችል አደረገው፤ ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሥራ ረገድ የመጀመሪያ ሕጋቸው የኑዌቫ ኤሲሃው ኢሳውሮ ጋባልዶን ያቀረበው ነው፤ ለገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤቶች ግንባታ አንድ ሚሊዮን ፔሶ መደበ። በ1908 የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ጁን 19 ቀን፣ የመጀመሪያው ጉባኤ ሲዘጋ፣ ኦስሜንያ ከመንበሩ ሆኖ ሕዝቡ ነጻነት እንደሚፈልግና ለዚያም ብቁ መሆኑን አወጀ፤ ምክር ቤቱም ንግግሩን የራሱ አቋም አድርጎ ተቀበለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነጻነትን መስበክ በወንጀል ያስከስስ እንደነበር ለሚያስታውስ ይህ መዝገብ ከብዙ ሕጎች ይበልጣል። ኬሶን በ1909 ወደ ዋሽንግተን ተልኮ፣ ድምፅ መስጠት በማይችልበት የአሜሪካ ኮንግረስ ያንኑ ጥያቄ ሲያሰማ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ።

ሐቀኛ ታሪክ ግን የባርነት ረቂቁን ጉዳይ ሊያልፈው አይችልም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ኃላፊው ዲን ዉስተር ባርነትንና የዕዳ ግዞትን የሚቀጣ ሕግ ከኮሚሽኑ አስወጥቶ ደጋግሞ ላከ፤ ምክር ቤቱ ደጋግሞ አስቀረው። እንደራሴዎቹ በክርስቲያን አውራጃዎች ባርነት የለም፣ ረቂቁ ስማችንን ለማጥፋት የታሰበ ነው አሉ። ዉስተር በእርግጥም የነጻነት ጥያቄ ጠላት ነበር፤ ኤል ሬናሲሚየንቶ የተባለው ጋዜጣ በ1908 ስሙን ሳይጠራ አዳኝ አሞራ ብሎ ስለነቀፈው አዘጋጆቹን በስም ማጥፋት ከስሶ አስፈርዶባቸዋል። ከተፈረደባቸው አንዱ ቴኦዶሮ ካላው በ1909 ከባታንጋስ ተመርጦ ራሱ ምክር ቤት ገባ። እንደራሴዎቹ ዉስተርን መጠርጠራቸው ትክክል ነበር። በዕዳ ታስሮ ለባለመሬት የሚያርሰውና የሚያገለግለው ሰው ግን በአገራቸው ነበር፤ ከእነሱ መካከልም ባለመሬቶች ብዙ ነበሩ። ሕጉን ያጸደቁት ዉስተር ሪፖርቱን አሳትሞ ዓለም ካወቀው በኋላ፣ በ1913 ነው። እዚህ ላይ እምቢታው የአገር ክብርን ጠበቀ፤ ጭሰኛውን ግን አልጠበቀም።

በዚያው 1913 አዲሱ ገዥ ጄኔራል ፍራንሲስ በርተን ሃሪሰን ሲመጣ በኮሚሽኑ ፊሊፒናውያን ብዙኃን ሆኑ። ኦገስት 29 ቀን 1916 የወጣው የጆንስ ሕግ ኮሚሽኑን ከሕግ አውጪነት አስወግዶ 24 አባላት ያሉት ሴኔትና 90 አባላት ያሉት የተወካዮች ቤት አቋቋመ፤ የተረጋጋ መንግሥት ሲኖር ነጻነት እንደሚሰጥም በመግቢያው ቃል ገባ። ኬሶን የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ኦስሜንያ በአፈ ጉባኤነቱ ቀጠለ።

ቤኔዲክት አንደርሰን በ1988 በጻፈው ታዋቂ መጣጥፍ የዛሬዎቹን የፊሊፒንስ የፖለቲካ ቤተሰቦች ሥር ከዚህ ዘመን ምርጫ ጋር ያያይዘዋል። አሳማኝ ነው፤ ኦስሜንያንና አጎንሲዮን ግን የመደባቸው ጥላ ብቻ አድርጎ የሚያሳይ ንባብ ይጎድለዋል፤ የጠየቁት ነጻነት የእውነት ነበር። ጥያቄው ነጻነቱ ለማን የሚለው ነው፤ መልሱንም ከደጅ የቀሩት ራሳቸው ሰጥተዋል። በ1930 ኬሶን ከሴኔቱ ሥራ ያሰናበተው ቤኒግኖ ራሞስ ሳክዳል የተባለውን የገበሬዎች ንቅናቄ መሠረተ፤ ንቅናቄው በ1934 ምርጫ የምክር ቤት መቀመጫ እስከማግኘት ደረሰ። ሜይ 2 ቀን 1935፣ ሕዝቡ አዲሱን ሕገ መንግሥት ሊያጸድቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ የላጉናና የቡላካን ጭሰኞች ፈጣን ነጻነትና የግብር እፎይታ ጠይቀው የከተማ ጽሕፈት ቤቶችን ያዙ። በማግስቱ ሲደመሰሱ የተኮሰባቸው የፊሊፒንስ ፖሊስ ሠራዊት ነው፤ በጀቱንም ያጸደቀው የፊሊፒናውያን ምክር ቤት ነበር።