«ስኪ»፦ ከፍልጥ እንጨት የተወለደ ቃል

የካቲት 3 ቀን 1998 ዓ.ም. ጣሊያን ቱሪን ላይ የክረምት ኦሊምፒክ ሲከፈት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰልፈኞቹ መካከል ነበረች። ሰንደቅ ዓላማዋን ይዞ የገባው ብቸኛ ተወዳዳሪዋ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም ነው። በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይም ዳግም ወክሏታል።

የሮቤል ስፖርት ስኪ ይባላል። ቃሉ ከጥንታዊው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፍቺው የተፈለጠ እንጨት፣ እኛ «ፍልጥ» የምንለው ነው። ኖርዌያውያን «ሺ» ብለው ይጠሩታል። በዚያ አገር አዳኙም መንገደኛውም በረዶ እንዳይውጠው ሁለት ረጃጅም ፍልጦች ከእግሩ ሥር ያስር ነበር፤ ስሙም ከዕቃው ወጣ። ውድድር የሆነው ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው፤ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1924 ፈረንሳይ፣ ሻሞኒ ላይ ነበር።

በረዶ ራሱ ግን ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት የስሜን በረዶ ውስጥ መዝመቱን ይተርካል።

አማርኛም ሶማልኛም የሚነገርባት ጅግጅጋ ስኪ የሚነዳበት በረዶ የላትም። የበረዶን ስም ግን በሁለት ቋንቋ ታውቀዋለች። ለመጠጡ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ «በረዶ»፣ ሶማልኛ ተናጋሪ ደግሞ «በረፍ» ይላል፤ የሚቀርብላቸው አንድ ነው። ድምፃቸው ቢቀራረብም ሥራቸው ለየቅል ነው። «በረዶ» የግዕዙ «በረድ» ልጅ ሲሆን ዓረብኛና ዕብራይስጥም ይጋሩታል። «በረፍ» ግን ከፋርስኛው «በርፍ» የመጣ ነው፤ ቃሉ በሕንድም የታወቀ ነው።

ሶማልኛ ከሩቅ የመጣውን ቃል በራሱ አፍ አሟሽቶ የራሱ አድርጎታል፤ በዚህም አልተጎዳም። የእኛ የስፖርት ጋዜጠኞች ግን ስኪውንም ስኬቲንጉንም «የበረዶ ሸርተቴ» እያሉ በአንድ ስም ይጠቀልሏቸዋል። አንዱ በረጅም ጣውላ በተራራና በሜዳ የሚኬድበት፣ ሌላው በስለታም ብረት በተጋገረ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ነው። ሮቤል የተወዳደረበትን ስፖርት በስሙ እንጥራው፤ ስኪ ስኪ ይባል።