ድሀ የሣለች የመኳንንት ልጅ

የአምሪታ ሼር-ጊል ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። እ.ኤ.አ. በ1913 ቡዳፔስት ላይ ከሀንጋሪያዊት እናትና ከሲክ መኳንንት አባት ተወለደች። ፓሪስ ሥዕል ተማረች፤ በ1933 የፓሪሱ ሳሎን የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። ሌላው ቢሆን እዚያው ይደላደል ነበር። እሷ ግን በ1934 መጨረሻ ወደ ህንድ ተመልሳ ዝምተኛ ገበሬዎችን፣ አንገታቸውን የደፉ ሴቶችን ትሥል ጀመር። ታዲያ ምን ያደርጋል! ገዢ እንደልብ አላገኘችም። በ1941 ላሆር ውስጥ በ28 ዓመቷ አረፈች። በ2023 የመንደር ሴቶችን ያሳየችበት፣ በ1937 የሣለችው አንድ ሥዕሏ ከ600 ሚሊዮን ሩፒ በላይ ተሸጠ፤ ለህንድ ሥዕል እስከዚያ ቀን ከተከፈለው ሁሉ የበለጠ። እኔን የሚገርመኝ ዋጋው አይደለም። ግድግዳ ላይ ስትሰቀል እንዲህ የምንሳሳላት ሴት፣ መንገድ ላይ ስናገኛት ለምን ፊታችንን እናዞርባታለን?