ዜና መዋዕል ዘዳኛ ላንዲስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የቤዝቦል የመጀመሪያው ኮሚሽነር የኬኔሶ ማውንቴን ላንዲስን ዜና፣ በክለብ ባለቤቶች ቸርነት፣ ዘመኑን እንደ ፈረንጆች እየቈጠርን እንጽፋለን።

በ1866 በኦሃዮ ተወለዱ። አባታቸው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ሐኪም ሆነው ሲዘምቱ በኬኔሶ ተራራ ቈስለው ነበርና ልጃቸውን በተራራው ስም ጠሩ። በ1905 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በቺካጎ የፌዴራል ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። በ1907 የሮክፌለርን ስታንዳርድ ኦይል 29,240,000 ዶላር ቢቀጡ አገር ተደነቀ። ቅጣቱ በይግባኝ ፈረሰ።

በ1919 ዋይት ሶክስ የተባለው የቺካጎ ቡድን በሻምፒዮናው ለሲንሲናቲ 5 ለ 3 ተሸነፈ። ስምንት ተጫዋቾቹ ሆን ብለው ሊሸነፉ ከቁማርተኞች ጋር መዶለታቸው በ1920 ገሃድ ወጣ። ሕዝብ ጨዋታውን ተጠራጠረ፤ ባለቤቶቹም መግቢያ ጠፋቸው። ኖቬምበር 12 ቀን 1920 ይዳኙን ሊሉ ወደ ላንዲስ ችሎት መጡ። እርሳቸው ግን ነገር እየሰሙ ነበርና ጸጥታ አዘው አስቀመጧቸው፤ እነዚያ ባለጸጎች እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ደጅ ጠኑ። በፍርዳቸው ላይ ማንም እንዳይከስ፣ በአደባባይም እንዳያማ ቃል አስገብተው ሹመቱን ተቀበሉ። ደመወዙ በዓመት 50,000 ዶላር ሲሆን፣ የዳኝነቱ 7,500 ከዚያ ይቀነስ አሉ። ሁለት ወንበር ስለ መያዛቸው ብዙ ተባለ፤ በ1922 የዳኝነቱን ለቀቁ።

ኦገስት 2 ቀን 1921 የቺካጎ ጁሪ ተከሳሾቹን በነጻ አሰናበተ። እነርሱም ደስ አላቸው። በማግሥቱ ላንዲስ፣ ጁሪው የፈለገውን ቢፈርድ ጨዋታ የሸጠ ከእንግዲህ አይጫወትም ብለው ስምንቱንም ዕድሜ ልካቸውን አገዱ። እንደ ምትሃተኛ በበትር ይመታ የነበረው ጆ ጃክሰን ከሜዳ ወጣ። ባክ ዊቨር ገንዘብ አልነካም፤ ዱለታውን ሰምቶ ዝም ብሏል ተብሎ አብሮ ወጣ። ደጋግሞ ማሩኝ አለ፤ አልተማረም። ምሕረት የእግዚአብሔር ናት።

ዝነኛው ተጫዋች ቤብ ሩትም ከሻምፒዮናው በኋላ ያለ ፈቃድ ከተማ ለከተማ እየዞረ ቢጫወት፣ እስከ ሜይ 20 ቀን 1922 አሳርፈውት ተገዛ። በ1938 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ በትናንሽ ቡድኖች አስሮ ያኖራቸውን ከ70 በላይ ወጣቶች ፈቱ፤ በዚህ ከባለቤቶች ወገን ያልተደሰቱ ነበሩ።

በ1942 ጥቁሮችን የሚከለክል ደንብ የለም አሉ፤ በዘመናቸውም በታላላቆቹ ሊጎች ጥቁር ተጫዋች አልተሰለፈም።

ኖቬምበር 25 ቀን 1944 በቺካጎ አረፉ፤ በዲሴምበር በኩፐርስታውን ላለው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ተመረጡ። በቀጣዩ ዓመት ብሩክሊን ዶጀርስ ጥቁሩን ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈረመ። ስማቸው በኮከብ ተጫዋች ሽልማት ላይ ተቀርጾ ሲኖር፣ ሽልማቱን የሚሰጡት ጋዜጠኞች በ2020 አነሡት። ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ አልታዘዝንም።