ሌባ ሻዩ ሲመጣ

ሌባ ሻይ ሲባል «ሻይ» የሚጠጣው አይደለም። «ሻ» ከሚለው፣ ፈለገ ማለት ከሆነው ግስ የመጣ ነው፤ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። ይሁንና የሚጠጣ ነገርም አልታጣበትም።

እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ሸዋ የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነገሩን በመጽሐፉ አስፍሮታል። የተሰረቀ ሰው ለሌባ ሻዩ ያመለክታል። ሌባ ሻዩ አሽከሩን ጠርቶ ጥቁር ዱቄት በወተት በጥብጦ ያጠጣዋል፤ ከዚያ ትምባሆ በላይ በላዩ ያስጨሰዋል። አሽከሩ ራሱን ይስታል፤ በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ፣ እያነፈነፈ ከቤት ቤት ይዞራል። በመጨረሻ ከአንዱ ቤት ገብቶ የባለቤቱ አልጋ ላይ ይተኛል። ጌታው በዱላ ይቀሰቅሰዋል። በቃ፤ ሌባው የአልጋው ባለቤት ነው፣ የጠፋውን ይከፍላል። በኋለኞቹ ዘመናት መድኃኒቱን የሚጠጣው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበር፤ ወገቡ ላይ መቀነት ታስሮ ጫፉን ሌባ ሻዩ ይዞ ከኋላ ይከተለዋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሙግት እንደ ቅኔ በሚጣጣምበት አገር ነው። መንገደኛ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳኛ በሚሆንበት፣ ባለጉዳይ «በላ ልበልሃ» እያለ ጭራ ይዞ በሚሟገትበት፣ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ጠበኛ በቆመበት በሚቀርበት አገር። ሌባ ሻዩ ግን ምስክር አይጠይቅ፣ መሐላ አያስምል፣ ዋስ አይቀበል። የሰከረ ልጅ እግሩ ወዳደረሰው ቤት ይሄዳል፤ ፍርዱም እዚያው ያልቃል።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ዘመን ቆየ? ሰዉ ሞኝ ስለነበረ የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስልም። ፖሊስ በሌለበት፣ በረቱ በደረቅ እሾህ ታጥሮ በሚታደርበት ቀበሌ ሌባን የሚያግደው ፍርሃት ብቻ ነበር። ሌባ ሻዩ እየመጣ ነው ሲባል የሰረቀውም ያልሰረቀውም እኩል ይንቀጠቀጣል። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ስለ ወንጀልና ቅጣት ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው ብሎ ነበር። በዚህ ሚዛን ሌባ ሻይ እንከን አልነበረውም፤ አንድ ሰው መያዙ አይቀርም። የሚያጠራጥረው የተያዘው ሌባው መሆኑ ነው። መቀነቱን የያዘው ሰው እጁን ትንሽ ሳብ ቢያደርግ ልጁ ወደ የትኛው ደጃፍ እንደሚታጠፍ ደግሞ ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ሌባ ሻይ «ማን ሰረቀ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር እንጂ «ለምን ሰረቀ?» ብሎ አያውቅም። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ ገና በመጀመሪያው ዘመናቸው ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ብለው አወጁ፤ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ። ከዚህ በኋላ የሚተረከው ነገር የሚያስቅም የሚያስፈራም ነው። ቲስባ ከሚባለው አገር ወንበዴዎች መሣሪያቸውን እንደያዙ መጡና የአባታችን ሥራ ቅሚያ ነው፣ እንደ አዋጁ ይጽናልን አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በሬና ማረሻ ልስጣችሁና እረሱ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ኋላ ላይ አስፈጇቸው ይባላል።

የሚገርመው ጠያቂው ማን እንደነበረ ነው። ቴዎድሮስ ራሳቸው፣ ያኔ የቋራው ካሣ ሲባሉ፣ ከሽፍትነት ተነሥተው ነው ዙፋን ላይ የወጡት። በአማርኛ ሌባ፣ ቀማኛ፣ ወንበዴና ሽፍታ አንድ አይደሉም። ሌባ ይናቃል፤ ሽፍታ ይፈራል፣ አንዳንዴም ይዘፈንለታል። ዛሬ ጫካ የገባው ነገ ደጃዝማች ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ሽፍትነትን እንደ ነውር ብቻ ሊያየው አይችልም። ቴዎድሮስ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። በሬና ማረሻ ማቅረባቸው ያለ ነገር አልነበረም፤ ሰው የሚሸፍተው ሌላ እንጀራ ሲያጣ ነው ከሚል ግምት የመጣ ነው። ግምቱ በቲስባ ሰዎች ዘንድ አልሠራም።

ከዚያ ሃያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አውሮፓ ውስጥ አንድ ሐኪም ስለ ሌላ ሽፍታ ይመራመር ነበር። ቼዛሬ ሎምብሮሶ የካላብሪያ ወንበዴ ነው የተባለ ቪሌላ የሚሉትን ሰው የራስ ቅል ከፍቶ ከግርጌው ያልተለመደ ጎድጓዳ አየ። ወንጀለኛ ከእናቱ ማሕፀን ወንጀለኛ ሆኖ ይወለዳል የሚለውን ትምህርቱን በዚያ ላይ ገነባ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1876 ወጣ። ንድፈ ሐሳቡ ዓለምን አዳርሶ በመጨረሻ ውድቅ ሆነ። ሎምብሮሶ የሽፍታውን የራስ ቅል የመረመረው ከሞተ በኋላ ነው፤ ቴዎድሮስ በሕይወት እያለ ምን ትሠራለህ ብለው ጠየቁት። ሁለቱም ያገኙት መልስ አልጠቀማቸውም፤ ከጥያቄዎቹ መካከል ግን የንጉሡ ይሻላል።

ሌባ ሻይ የጥቂት ባለሙያዎች ሥራ ነበር። የአገሬው ሕዝብ የራሱ መንገድ ሌላ ነው፤ አንዳንዱ አፈርሳታ ይለዋል፣ አንዳንዱ አውጫጭኝ። በሬ ሲሰረቅ፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ሲገኝ ጭቃ ሹሙ ያስለፍፋል፤ የቀበሌው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መመለስ የለም፤ ከብቱ ሳይጠጣ፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ፣ ሰዉ እየራበው ይውላል። እያንዳንዱ እየማለ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይጠየቃል።

ጎረቤቱን በአደባባይ ሌባ ነህ ያለ ሰው ግን ማታ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ለዚህም መላ ነበረው። ምስጢሩ ለተመረጡ ሽማግሌዎች በጆሮ ይነገራል፤ ሽማግሌዎቹም የተናጋሪውን ስም ሳያነሡ «ወፍ» እንዲህ አለች ብለው ያቀርባሉ። ወፏ አትከሰስም፣ ደም አይፈለግባትም። ምስክር ጥበቃ የሚባለው ነገር ደመወዝተኛ ሳይቀጠርለት በዚህ መልክ ይሠራ ነበር። ወፍ ሊዋሽ እንደሚችልም ሁሉም ያውቅ ነበርና ቃሉ በሌላ ማስረጃ ይደገፍ እንደሆነ ይታይ ነበር፤ ቢያንስ ደግ ዳኛ ባለበት።

ወንጀለኛው ካልተገኘስ? እዚህ ላይ ነው አፈርሳታ ጥርሱን የሚያሳየው። ቀበሌው በሙሉ አዋጥቶ ለተበዳዩ ይከፍላል። የሰረቀውም ያልሰረቀውም፣ ባለ ሀብቱም ባልቴቷም። ሌባው በኋላ ሲያዝ ገንዘባቸውን ከእሱ ያስመልሳሉ፤ እስከዚያው ግን የአንዱ ኃጢአት የሁሉም ዕዳ ነው።

ይህ ግፍ እንዳለበት ለመናገር ሕግ መማር አያሻም። ድሃው፣ መጻተኛውና ዘመድ የሌለው በቀላሉ ይጠቆማል፤ ባለ ብዙ ወገን ይሸፈናል። ሥርዓቱ የተመሠረተበት እውቀት ግን የዋዛ አይደለም። በሬ በሌሊት ሲነዳ ውሻ ይጮኻል፤ ድንገት ሥጋ የበላ ቤት ጢሱ ይታያል። ሰፈሩ ሳያውቅ የሚሰረቅ በሬ የለም፤ ዝም የሚል ሰፈር ግን አለ። አፈርሳታ የሚቀጣው ያን ዝምታ ነው። ልጁ ሌሊት የት እንዳደረ የማይጠይቅ አባት ነገ ራሱ እንደሚከፍል ካወቀ መጠየቁ አይቀርም።

ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ መኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1942 ስለ ቺካጎ ወጣት አጥፊዎች ባሳተሙት ጥናት የከተማዋን ካርታ ዘርግተው አጥፊ ልጆች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ምልክት አደረጉ። ያገኙት ነገር ሎምብሮሶን የሚያሳፍር ነው። በእነዚያ ሰፈሮች ጀርመኑና አይሪሹ ወጥቶ ፖላንዳዊውና ጣሊያኑ ሲገባ የነዋሪው ዘር ተለዋወጠ፤ የጥፋቱ ብዛት ግን ከሰፈሩ አልወጣም። ነገሩ ያለው በሰው ደም ሳይሆን ጎረቤት ከጎረቤት ባለው ግንኙነት ላይ ነው አሉ። ቺካጎ በካርታ ያገኘችውን ጭቃ ሹሙ በሜዳ ላይ ያውቀው ነበር ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ጭቃ ሹሙ የሚፈልገው ካሣውን እንጂ ምክንያቱን አልነበረም። ሆኖም ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት አንድ ቦታ ላይ ነው።

የተጠረጠረው ከተገኘ በኋላስ የት ይቀመጣል? እስር ቤት በየቦታው አልነበረም፤ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። መጀመሪያ የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ነገሩ ከከበደ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይያያዛሉ። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ባለ ዕዳና አበዳሪም እንዲሁ ተያይዘው በአንድነት ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ገበያ ይወጣሉ። በዐፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ አዲስ አበባ የመጡ የውጭ ሰዎች ይህን ፎቶግራፍ ማንሣት ይወዱ ነበር። ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር የሰንሰለቱ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ክስ የሚመሠርት ሰው ራሱም ይታሰራል፣ ስለዚህ በከንቱ ከመክሰስ በፊት ሁለቴ ያስባል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ሁለተኛውን ያረቀቁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልደት፣ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታወጀ፣ በነጻነት በዓል፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ዓላማው ሲዘረዘር ወንጀልን አስቀድሞ መከላከልና አጥፊውን ማረም ገባበት፤ ግርፋት ግን አልወጣም። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከተለ። ምርመራው ለፖሊስ፣ ክሱ ለዐቃቤ ሕግ ሆነ። አንድ ሰው የሚጠየቀው ራሱ ባደረገው ብቻ ነው የሚለው መርሕ ሲገባ፣ ሌባ ሻይ፣ ወፍና የጋራ ካሣ በሕጉ ውስጥ ቦታ አጡ።

ይህ ለተከሳሹ ትልቅ ድል ነው፤ ማንም ሊመልሰው አይገባም። የጠፋ ነገርም አለ። ድሮ በሬ ሲሰረቅ ቀበሌው በሙሉ ሥራ ይፈታ ነበር። ዛሬ ጎረቤት ሲሰረቅ ብዙው ሰው በሩን ቆልፎ ጣቢያው ያውቃል ይላል።

ሰንሰለቱም ቀርቷል፤ ቃሉ ግን አልቀረም። ሕመም ጸንቶበት መነሣት ላቃተው ሰው ዛሬም «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ይባላል።