ቦሌ፣ ሬዲዮና ዶንግል

ቦሌ አየር ማረፊያን ያመጣው ጄት ነው። የቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ሜዳ ለፕሮፔለር አውሮፕላን ይበቃ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ሲረከብ ግን ረጅም አስፋልት ግድ ሆነና ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። በዙሪያው ከገርጂ እስከ ቦሌ ሚካኤል ሰፈር ሞላ፤ ሰፈሩ ውስጥም ሬዲዮ ሞላ። እኔ ገርጂ ላይ ሬዲዮና ቴፕ እየጠገንኩ የኖርኩ ሰው ነኝና የሞገድ መጠላለፍን ታሪክ የማውቀው ከጠረጴዛዬ ነው።

«ልጄ፣ ይኼ ሬዲዮ ዜናውን ትቶ በእንግሊዝኛ ያወራል» ብለው አንዲት እናት ርካሽ ኤፍኤም ሬዲዮ አምጥተውልኝ ነበር። «እማማ፣ አብራሪዎች ናቸው» አልኳቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ የኤፍኤም ሬዲዮ 97.1 ላይ ሲቃኝ በሆዱ 107.8 ሜጋኸርትዝ የሆነ የራሱን ሞገድ ይፈጥራል፤ ልዩነቱ በአብዛኛው 10.7 ነው። ታዲያ ከ107.8 በላይ በዚያው ልክ የራቀው 118.5ም በዚያው በር ሊገባ ይችላል። ከ118 እስከ 137 ያለው ደግሞ አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚነጋገሩበት ነው። ጥሩ ማጣሪያ ያለው ሬዲዮ ይመልሰዋል፤ ፋብሪካው ማጣሪያውን የቆጠበበት ሬዲዮ፣ በተለይ የአየር ማረፊያው አጥር ሥር ሲሆን፣ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል።

የገረመኝ ግን የተገላቢጦሹ ነው። ተቀባይ ያልነው ሬዲዮ በትንሹም ቢሆን ይልካል። ሸገር 102.1ን የከፈተ ሰው ሬዲዮ በሆዱ 112.8 ያመነጫል፤ ከ108 እስከ 118 ያለው ደግሞ አውሮፕላን መንገዱን የሚያገኝበት የአቅጣጫ ምልክት ክልል ነው። የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን እ.አ.አ. በ1961 በበረራ ላይ የእጅ ኤፍኤም ሬዲዮ መክፈትን የከለከለው ለዚህ ነበር። ሞባይል እዚያው አገር በአየር ላይ የተከለከለው እ.አ.አ. በ1991 ሲሆን፣ የከለከለው ደግሞ የበረራ ሳይሆን የኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከፍ ብሎ የሚበር ስልክ ምድር ላይ ያሉ ብዙ አንቴናዎችን በአንዴ ይነካና ኔትወርኩን ያውካል።

ወደ እኛ አገር ሞባይል የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ከእርሱም ጋር ያ ድምፅ መጣ። ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው እየዘፈነ ድንገት «ትትት ትትት ቱርርር» ይላል፤ ሾፌሩ ስልኩ ሳይጠራ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ስብከት መሃል የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ያንኑ ይላል። የጂኤስኤም ስልክ ሞገዱን ያለማቋረጥ አይልክም፤ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ይቆራርጠዋል፣ ኃይሉም እስከ 2 ዋት ይደርሳል። የስፒከሩ ሽቦ እንደ አንቴና ይቀበለውና ማጉያው ቁርጥራጩን ወደሚሰማ ድምፅ ይለውጠዋል። ደንበኞቼ «ስልኬ ተበላሽቷል» እያሉ ይመጡ ነበር። ስልኩ ደህና ነው፤ ችግሩ መከላከያ ያልተደረገለት ማጉያው ነው። ሽቦውን አሳጥሬ እገምደዋለሁ፤ መግቢያው ላይ ትንሽ ሴራሚክ ኮንደንሰር ስበይድበት ጸጥ ይላል። መጠላለፍ በተነሳ ቁጥር ላኪው ብቻ የሚወቀስበትን ልማድ የማልቀበለው ለዚህ ነው፤ የጥቂት ሳንቲም ዕቃ ቆጥቦ ተቀባዩን የሠራው ፋብሪካም እኩል ይጠየቅ።

ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ኢንተርኔት የሚያመጣው የሲዲኤምኤ ዶንግል መጣ። በኃይል ከጂኤስኤም ስልክ ወደ አንድ አሥረኛ ያነሰ፣ ሞገዱም የማይቆራረጥ ስለሆነ ስፒከር አያስጮህም፤ ሰውም ድምፅ የሌለው ነገር አይነካም ብሎ ደመደመ። አያትና ሰሚት ሰፈር ያኔ ኔትወርኩ ደካማ ነበር፤ ዶንግል ደግሞ ምልክት ሲደክምበት ኃይሉን ይጨምራል፣ ይግላል። ልጆቹ በማራዘሚያ ኬብል ከመስኮቱ ብረት ላይ ያስሩት ነበር። ለፍጥነት ብለው ያደረጉት ይህ ነገር ዶንግሉን ከሰውነት ስላራቀና ኃይሉንም ስላስቀነሰ ትክክል ነበር። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ለተገጠመለት ሰው የሚመከረው ርቀት ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ ኪስ ዋይፋይን የደረት ኪስ ውስጥ መክተት አይገባም። ማደያ ላይ «ሞባይል ዝጋ» የሚለው ማስታወቂያ ይከበር እላለሁ፤ ምንም እንኳ ቤንዚን ሲቀዳ ለሚነሳ እሳት ዋናው ተጠርጣሪ ከልብስና ከመኪና ወንበር የሚወጣ ስታቲክ ብልጭታ ቢሆንም።

የማጣሪያው ጉዳይ ወደ አውሮፕላኑም ተመለሰ፤ በጥር 2014 ዓ.ም. ኤምሬትስን ጨምሮ በርካታ አየር መንገዶች ወደ አሜሪካ ከሚያደርጉት በረራ ከፊሉን ሰረዙ። እዚያ ለ5ጂ የተመደበው ሞገድ ከ3.7 እስከ 3.98 ጊጋኸርትዝ ነበር፤ አውሮፕላን ሲያርፍ ከመሬት ያለውን ከፍታ የሚለካበት ራዳር፣ አልቲሜትር የሚባለው፣ ደግሞ ከ4.2 እስከ 4.4 ላይ ይሠራል። በሁለቱ መካከል ክፍተት አለ፤ አሮጌ አልቲሜትሮች ግን ጎረቤታቸውን የሚመልስ በቂ ማጣሪያ አልነበራቸውም።  የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን በመጨረሻ አየር መንገዶቹን ቀን ቆርጦ አዘዛቸው፦ አልቲሜትር ቀይሩ፣ ወይም ማጣሪያ ግጠሙ።