ቆዳ የጨረር መለኪያ በነበረበት ዘመን

ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ኤክስሬይን ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ የፀጉር መርገፍና የቆዳ ቃጠሎ መታየት ጀመረ። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ሁለቱም ክንዶቹ ተቆርጠው በ1904 በካንሰር ሞተ። ያም ሆኖ ጉዳቱ ራሱ ለሐኪሞች መለኪያ ሆነ፤ የጨረሩን መጠን በትክክል የሚለካ የጋራ አሃድ ስላልነበረ ቆዳን ለማቅላት የሚበቃው መጠን እንደ አሃድ ተወሰደ። የሮንትገን አሃድ በዓለም አቀፍ ጉባኤ የጸደቀው በ1928 በስቶክሆልም ነው። በ1951 ካናዳ ውስጥ የተጀመረው የኮባልት 60 ሕክምናም ከፍተኛውን መጠን ከቆዳው ወለል በታች ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚያሳርፍ ቃጠሎውን ቀነሰ እንጂ አላስቀረውም።

መለኪያው ግን የነጭ ቆዳ መለኪያ ነበር። ዛሬም የጉዳት ደረጃ አሰጣጥ የሚጀምረው ከቅላት ሲሆን፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ሊሰወር ይችላል፤ የሚታየው ይበልጥ መጥቆር፣ የሚዳሰሰው ሙቀት፣ ሕመምተኛዋ የምትናገረው ማሳከክና መወጠር ነው። በዓይኑ ብቻ የሚመረምር ባለሙያ፣ በተለይ በብብትና በጡት ሥር፣ ቆዳው እስኪላጥ ጉዳቱን ላያስተውል ይችላል። «ውኃ አይንካው» የሚለው የቆየ ምክርም ከ1990ዎቹ ጀምሮ በታተሙ ጥናቶች ውድቅ ሆኗል፤ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ቀስ ብሎ መታጠብ አይጎዳም።